ልጁን የማይቀድም ስጦታ

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከሳንጃ እስከ አብርሃ ጅራ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ የሱቅ ደጃፎች መልካቸውን ይለውጣሉ። የካርቱን ሥዕል ያለባቸው ቦርሳዎች ይንጠለጠላሉ፤ ደብተር በደርዘን ይደረደራል፤ ከጎኑ ደግሞ ባትሪ ሲገባለት የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘፈነ የሚቆጥር የፕላስቲክ መጫወቻ ይቀመጣል። አንደኛ ክፍል ለሚገባ የወንድም ልጅ ወይም ለክርስትና ልጅ ስጦታ የሚመርጥ ሰው ባለሱቁን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛው ይበልጥ ያስተምራል?» ጥያቄው ከቅን ልብ የወጣ ነው። ዕቃው ብቻውን ያስተምራል የሚል ግምት ግን አዝሏል። በጎንደርና ከሥሩ በተዘረጋው ቆላ ለልጅ ሲሰጥ የኖረው የመማሪያ ዕቃ ታሪክ በዚህ ግምት ላይ አልተሠራም። እዚያ ዕቃው ልጁ የደረሰበትን ደረጃ እየተከተለ ይመጣል እንጂ አይቀድመውም፤ ደግሞም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ሳይኖር አይሰጥም። ይህ ልማድ ከድህነት ወይም ከኋላቀርነት የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ታሪኩ ሲመረመር ዛሬ በሱቅ ደጃፍ ለቆመው ሰው የሚበጅ መመዘኛ ይገኝበታል እላለሁ።

ከቄስ ትምህርት ቤት እንጀምር፤ ለብዙ ትውልድ ሕፃን ልጅ ትምህርት የሚባለውን የቀመሰው እዚያ ነውና። የመጀመሪያው ዕቃ ፊደል ነበር። በብራና ወይም በወረቀት ተጽፎ እንጨት ላይ የተለጠፈ ገበታ ነው፤ ልጁ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እየነካ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላል። ስንደዶው ጌጥ አይደለም። ዓይን ከድምፅ ጋር አብሮ መሄዱን የኔታ የሚያውቁት በእሱ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃን ልጅ ሀሁን በዜማ ከያዘው በኋላ ገበታውን ሳያይ እስከ ፐ ሊወርድ ይችላል። አቡጊዳ የመጣው ይህን ለመያዝ ነው። የፊደሉ ቅደም ተከተል ይቀየርና በቃሉ ብቻ የሚሄደው ልጅ እዚያው ይያዛል። አቡጊዳን ያለፈ ወደ ፊደለ ሐዋርያ ይገባል፤ ይኸውም የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ነው። አንዱኑ ገጽ መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይመለስበታል። ከዚያ መልእክታቱ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከሁሉ በኋላ ዳዊት። በዚህ መሰላል ላይ ወላጅ ቀድሞ የሚገዛው ነገር የለም። ፊደል ያልለየ ልጅ ወንጌል ቢገዛለት የኔታ ተቀብለው ለጊዜው ያስቀምጡታል እንጂ እጁ ላይ አያደርጉለትም።

ዳዊት የመሰላሉ ጫፍ ስለሆነ እንደ ስጦታ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባዋል። በብራና የተጻፈ መዝሙረ ዳዊት ሲገለጥ ከሌሎች መጻሕፍት በአንድ ነገር ይለያል። አብዛኛው የብራና መጽሐፍ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ሲጻፍ፣ የመዝሙሩ ክፍል በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱም ስንኝ በየራሱ መስመር ነው። ስንኙ ረዝሞ ጠርዝ ቢደርስ እንኳ ጸሐፊው ፊደሉን እያሳነሰ ይጨርሰዋል እንጂ ወደ ሌላ መስመር ማውረድ አይወድም። መጨረሻ ላይ ያሉት ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ግን ወደ ሁለት ዓምድ ይመለሳሉ። 150ው መዝሙር በየአሥሩ ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም የክፍሉ መጀመሪያ በሐረግ ወይም በቀይ ቀለም ይለያል። ለገና አንባቢ ልጅ ይህ አሠራር ትልቅ እርዳታ ነው። ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ መስመሩ ይነግረዋል፤ የዛሬ ድርሻው የት እንደሚያበቃ ሐረጉ ያሳየዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ኩራት ነበር፤ አቅም ያለው ቤት ይደግስለታል፣ ለየኔታ ልብስ ወይም ሌላ ስጦታ ያቀርባል፣ ለልጁም የራሱ የሆነ ዳዊት ከነማኅደሩና ከነማንገቻው ይገዛለታል ወይም ያጽፍለታል። በኢትዮጵያ የብራና ክምችቶች ውስጥ ከሁሉ በብዛት የሚገኘው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት መሆኑ በከፊል ከዚህ ይመጣል። ሌላው መጽሐፍ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዳዊት ግን የሰው ነው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ዕድሜ ልክ የሚነበብ። ስጦታው የሚመጣው ልጁ ማንበብ ከቻለ በኋላ ነው፤ ይህ ዛሬ ከለመድነው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ዛሬ መጽሐፍ የምንገዛው «ማንበብ እንዲወድ» ብለን ነው። ያን ጊዜ የሚገዛለት «ማንበብ ስለቻለ» ነበር።

ቆላው ግን ደጋው አይደለም። አርማጭሆ፣ ጠገዴ፣ መተማና ቋራ ወባ የሚበረታባቸው፣ መንደር ከመንደር የሚራራቅባቸው አገሮች ናቸው። እንደ ማኅበረ ሥላሴ ያለ ስመ ጥር ገዳም በዚሁ በረሃ ቢኖርም፣ ዜማና አቋቋም ለመማር የፈለገ የቆላ ልጅ ፊቱን ወደ ጎንደር ማዞሩ አይቀርም ነበር። ስለዚህ እዚህ የትምህርት ስጦታ ሌላ ገጽታ ነበረው፤ ከዕቃው የሚከብደው ልጁን ከሥራ መልቀቁ ነው። ከብት የሚጠብቅ፣ ወፍ የሚያባርር እጅ ከቤት ሲወጣ ቤተሰቡ ከማናቸውም መጽሐፍ የሚበልጥ ዋጋ ይከፍላል። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ ኮሮጆውን አንግቶ ሲወጣ በእጁ የያዘው ትንሽ ነው፤ የተሰጠው ግን ዓመታት ናቸው። የአገሩም ዕጣ ቢሆን መጽሐፍ በቀላሉ የሚከማችበት አልነበረም። ጥር 1880 ዓ.ም. በመተማ በኩል የመጣው የደርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሕይወታቸውን በሚያሳጣቸው ጥይት ተመቱ። ከዚያ በፊት ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አግዘው ነበር፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው። መጽሐፍ እንዲህ በሚጠፋበት አገር ልጅ በአእምሮው እንዲይዝ መፈለጉ አያስደንቅም። የቃል ጥናትን የሚነቅፉ ሰዎች ይህን የሚያስታውሱት አልፎ አልፎ ነው።

ከድንበሩ ማዶም፣ ከመተማ ሙስሊም ነጋዴዎችና ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው እዚያ ከሰፈሩት ተክሩሮች ጋር በሃይማኖት በሚተሳሰረው የሱዳን ምድር፣ ተመሳሳይ ሥርዓት ይታያል። ኸልዋ በሚባለው የሱዳን የቁርአን ትምህርት ቤት የልጁ ዕቃ ሎህ ነው፤ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ። ቀለሙ ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ይሠራል፤ ሙጫውም ከዚያው ቆላ ዛፍ የሚለቀም፣ የገዳሪፍና የኮርዶፋን ነጋዴ ለዓለም ገበያ የሚያቀርበው ነው። ልጁ የዕለት ድርሻውን በሸምበቆ ብዕር ይጽፋል፣ ይሸመድዳል፣ ለመምህሩ ያሰማል፤ ካለፈ ሰሌዳውን አጥቦ አዲስ ድርሻ ይጽፋል። ካላለፈ ቀለሙ አይታጠብም። ከቁርአኑ የተወሰነ ክፍል ሲፈጽም ሎሁ በቀለማት ያጌጣል፤ ይህንንም ሸራፋ ይሉታል። ልጁ ያጌጠውን ሰሌዳ ይዞ በየዘመዱና በየጎረቤቱ ቤት ይዞራል፤ እነሱም ገንዘብ ወይም እህል ይሰጡታል። እዚህም ያው ሕግ አለ፤ ስጦታው የሚመጣው ደረጃውን ተከትሎ ነው፣ መንደሩም ሁሉ ልጁ የት እንደደረሰ ያውቃል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ድንበር ብዙ ደም ተቃብተዋል። በልጅ ስጦታ ላይ ግን ሳይነጋገሩ አንድ ናቸው።

ይህን ሕግ ያልተከተለ ስጦታ ምን እንደሚገጥመው ማየት የሚፈልግ የሚስዮናውያንን ታሪክ ይመልከት። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1815 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ የሚላክ የግዕዝ መዝሙር አሳተመ። ቀጥሎም አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉት የጎጃም ሰው ካይሮ ላይ የተረጎሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገዝቶ በየክፍሉ ማተም ጀመረ፤ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ወንጌሎችን ይዞ ጎንደር ደረሰ። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የቅዱስ ክሪስቾና ሚስዮን ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ ሊዘረጋ ባሰበው የጣቢያዎች ሰንሰለት መተማ አንዷ ነበረች። መጽሐፉ በነጻ ይታደላል፣ ቋንቋው የእናት ቋንቋ ነው፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን ሰው አጥብቆ የሚጠይቀው በአብዛኛው የግዕዙን ዳዊት ነበር። «ይህማ የሃይማኖት ጥላቻ ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለበት፣ ካህናቱ በባዕድ ሰባኪ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ የታወቀ ነው። ግን ጥርጣሬው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያው ባዕድ የሚሰጠው ግዕዝ ዳዊትም በተጣለ ነበር። የአማርኛው ወንጌል ችግር በመሰላሉ ላይ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። የኔታ በየትኛው ደረጃ እንደሚያስተምሩት አያውቁም፤ ልጁን የሚያዳምጠው ሰው የለም። መልካም መጽሐፍ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስም ብዙ አንባቢ አገኘ። በዚያን ጊዜ ግን በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እስካሁን የተነገረው የመሸምደድና የአለንጋ ትምህርት ነው፣ ሕፃን ልጅ ግን በጨዋታ ይማራል የሚል። አለንጋው እውነት ነው፤ ማንም ሊያሳምረው አይገባም። ነገር ግን ጨዋታ በዚህ አገር ከትምህርት የተፋታ አልነበረም፤ የሚገዛ ስላልነበረ ብቻ እንደ ስጦታ አልተቆጠረም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዳካር–ጅቡቲ ቡድኑን ይዞ ከሱዳን በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደር ከረመ። ይህ ቡድን የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወደ ፓሪስ መውሰዱ የሚታወቅ ነው፤ የማይረሳም በደል ነው። ግን ያው ሰው በ1935 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጨዋታዎች ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ፤ የውጭ ሊቅ የልጆችን ጨዋታ ለጥናት የሚበቃ ቁም ነገር አድርጎ ማየቱ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ገበጣን በሰፊው አጥንቶ ጽፏል። ገበጣን ተመልከቱ፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ጠጠር ወይም ፍሬ ይለቀማል፣ ዋጋው ምንም ነው። ልጁ አንድ ጉድጓድ ጠጠር አንሥቶ ከመዝራቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ መቁጠር አለበት፤ ያልቆጠረ ይበላል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው፤ «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ካላወቀ አገር ይሰጣል። ቅልብልቦሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የጭቃ በሬ፣ የሽቦ መኪና ሁሉም በዚህ መዝገብ ይገባሉ። እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ብቻን መጫወት አይቻልም፣ ወይም ቢቻል እንኳ ለዛ የለውም። ሌላ ልጅ ወይም ታላቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የጨዋታ ወገን ነኝ የሚለው ተቃዋሚ ክርክሬን አያፈርስም። ባትሪ የገባለት መጫወቻ ብቻውን ይዘፍናል፤ ገበጣ ግን ተጋጣሚ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያስጨንቃል፤ መሰላሉ ለማን ነበር? በአብዛኛው ለወንድ፣ ያውም ከሥራ ሊለቀቅ ለሚችል ወንድ። ዳዊት የሚደግሙ ሴቶች አልጠፉም፤ በተለይ በመኳንንት ቤትና በገዳም። ለገበሬ ሴት ልጅ ግን የሚሰጣት እንዝርትና ወስፌ ነበር። በእርግጥ ስፌት ቆጠራ ነው፤ የአለላው ቀለም በየዙሩ ካልተቆጠረ ሥዕሉ ይዛባል። ይህን ብሎ ግን ማሳመር አይገባም፤ ፊደል ነፍጓታልና። በአርማጭሆ በረሃ ደግሞ ለወንድ ልጅ ከመጽሐፍ ይልቅ የሚመኙለት ጠመንጃ የሆነበት ዘመን ረዥም ነው፤ አልፏል ለማለትም አልደፍርም። ለእነዚህ ልጆች የፊደልን በር የከፈተው ከሁሉም በላይ የሕትመት ርካሽነት ነው። የቡልጋው ሰው ተስፋ ገብረ ሥላሴ በማተሚያ ቤታቸው ያሳተሙት ፊደል የየኔታን ሰሌዳ በወረቀት ላይ አውጥቶ በጥቂት ሳንቲም በየገበያው አዳረሰው። በግድግዳ የሚለጠፍ ፊደል ወንድና ሴት አይለይም፤ ማድ ቤትም ቢሆን ይታያል። ልብ በሉ፤ ተስፋ አዲስ ዘዴ አልፈጠሩም። ሀሁውንም አቡጊዳውንም እንደነበረ ያዙት፤ ልጁ፣ አያቱና የኔታ ሁሉም የሚያውቁት ሥርዓት ስለሆነ በየትኛውም ቤት የሚያስጠና ሰው አይጠፋም ነበር። የአማርኛው ወንጌል ያጣውን ይህ አንድ ወረቀት አገኘው።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የሚነግረን ከዚህ የራቀ አይደለም። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። መተማና ሁመራ ግን ዘመቻው ከመታወጁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) እና በመንግሥት ጦር መካከል እጅ የሚቀያየሩ ከተሞች ነበሩ፤ በቆላው ዘመቻው የደረሰበት ቦታና ያልደረሰበት በመንገድና በጦር ይወሰን ነበር። በየቦታው የታየው ችግር ደግሞ አንድ ነው፦ ፊደል የለየ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ካጣ መልሶ ይረሳዋል። ዕቃው ደረጃን መከተል አለበት ሲባል ከደረጃው ኋላም መቅረት የለበትም ማለት ነው። ስለ ማያ ገጽ ደግሞ ብዙ ይባላል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከፈት ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ልጆችን ተረት ያሰሙት አባባ ተስፋዬ፣ በኋላም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የቀጭኔዋ ዝግጅት፣ ያለ መምህር አስተምረው የለም ወይ ይባላል። አስተምረዋል። ሁለቱም ግን በልጁ ቋንቋ፣ በልጁ አገር ተረት፣ ታላቅ ሰው ለልጅ ሲናገር በሚናገርበት ለዛ ነው፤ አባባ ተስፋዬም የልጆቹን ሰላምታ እየጠበቁ ያወሩ ነበር። በቻይና ተሠርቶ በእንግሊዝኛ የሚዘፍነው ፕላስቲክ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅ ያለው የሳንጃ ቤተሰብ ምን ይግዛ? ታሪኩ ዝርዝር አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ልጁ አሁን የት ደርሷል? ዕቃውን ይዞ አብሮት የሚቀመጠውስ ማን ነው? ፊደል ያልለየ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ፊደል ገበታና አንድ ታላቅ እህት ካሉት በቂ ነው። የለየ ልጅ ሥዕል ያለበት አጭር የተረት መጽሐፍ ይገባዋል፤ መጽሐፉም ማንበቡን ያየ ሰው በእጁ ቢሰጠው ይሻላል። ደብተርና እርሳስ ስጦታ አይደሉም፣ ግዴታ ናቸው የሚል አለ። ሀብት ላለው እውነት ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ የስደተኛ ጣቢያዎች ሰፍረው ለነበሩ ልጆች፣ ወይም በአማራ ክልል ግጭት ትምህርት ቤታቸው ለተዘጋባቸው፣ ያው ደብተር ከማንኛውም መጫወቻ በፊት ይመጣል፤ ግን እነሱም ቢሆኑ ከደብተሩ በላይ ያጡት የሚያርምላቸውን ሰው ነው።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ልበል። በዚህ ቆላ የዓመቱ ገንዘብ የሚገባው በሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ የሚታጨደው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው። የመስከረሙ ስጦታ በብድር ይገዛል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ልጁ ከክፍል ቀርቶ ለአጨዳ ይወጣል። የሱቁ ቦርሳ ከነካርቱኑ ቤት ተሰቅሎ ይቀራል። ቤተሰቡ ስጦታውን እስከ ኅዳር ቢያቆየውና በመስከረም የሚሰጠው ነገር በአጨዳው ሰሞን ልጁን ከክፍል ላለማስቀረት የገባው ቃል ቢሆን፣ የቆሎ ተማሪው ወላጆች የከፈሉትን ያህል ባይሆንም ከዚያው ወገን ነው። በኅዳር ደግሞ ልጁ በሁለት ወር ምን እንደቻለ ይታያል፤ መጽሐፉንም በዚያ ልክ መምረጥ ይቻላል።